ተማሪም ሠራተኛም፦ የነርሲንግ ትምህርት ቤት ኑሮ

የነርሲንግ ተማሪ መማሪያ ክፍሉ ሁለት ነው፤ አንዱ ጥቁር ሰሌዳ የተሰቀለበት፣ ሌላው ሕመምተኛ የተኛበት። በመጀመሪያው ክፍል የተሳሳተ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበታል። በሁለተኛው ከተሳሳተ ግን ጉዳቱ ለሌላ ሰው ይተርፋል። ነርሶች የተማሪነት ዘመናቸውን ሲያወሩ ከፈተናው ይልቅ ዋርዱ (የሕሙማን ክፍሉ) ቀድሞ ትዝ የሚላቸው ለዚህ ነው፤ የመጀመሪያው መርፌ፣ የመጀመሪያው የሌሊት ተራ፣ የመጀመሪያው አስከሬን። ሆስፒታሉም በበኩሉ እነዚህን ልጆች እንደ ተማሪ ብቻ አይቷቸው አያውቅም። አልጋ ያነጥፋሉ፣ ዕቃ ያጥባሉ፣ ሌሊቱን ነቅተው ያድራሉ፤ ጉልበታቸው ይፈለጋል። የነርሲንግ ትምህርት ቤት ኑሮ ከመነሻው ጀምሮ በመማርና በመሥራት መካከል ሲጎተት የኖረ ነው።

የታመመን ማስታመም በየቤቱ የነበረ ሥራ ነው። በትምህርት ቤት የሚሰጥ ሙያ መሆን የጀመረው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በዚህ ዝግጅት የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1836 ጀርመን አገር ካይዘርስቬርት በምትባል ከተማ ቴዎዶር ፍሊድነር የተባለ የፕሮቴስታንት ቄስ ከባለቤቱ ጋር ሴቶችን ለሕሙማን አገልግሎት የሚያሠለጥን ተቋም ከፈተ። እንግሊዛዊቷ ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1851 እዚያ ሄዳ ሦስት ወር ያህል ተምራለች። የሀብታም ቤት ልጅ ነበረች፤ ቤተሰቦቿም ይህን ምኞቷን ለዓመታት ሲቃወሙ ኖረዋል። ቢቃወሙም አይገርምም፤ በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ በሆስፒታል ተቀጥራ ሕመምተኛ የምታስታምም ሴት ከቤት ሠራተኛ ተለይታ አትታይም ነበር።

በክራይሚያ ጦርነት ናይቲንጌል የቆሰሉ ወታደሮችን በማስታመሟ ዝናዋ ሲገን የእንግሊዝ ሕዝብ በስሟ 45 ሺህ ፓውንድ ገደማ አዋጣ። በዚህ ገንዘብ በ1860 በለንደን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ማሠልጠኛ ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ገቢዎች 15 ሴቶች ነበሩ። ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 35 ዓመት መሆን ነበረበት፤ ጠባያቸውን የሚመሰክር ደብዳቤም ይዘው ይመጣሉ። ሥልጠናው አንድ ዓመት ይፈጃል። ምግብና ማደሪያ፣ የደንብ ልብስና ለኪስ ወጪ በዓመት 10 ፓውንድ ይሰጣቸዋል። ልብሳቸው ቡናማ ቀሚስ፣ ነጭ ሽርጥና ነጭ ቆብ ነበር። እያንዳንዷ ተማሪ የራሷ መኝታ ክፍል ነበራት፤ በጊዜው ከድሃ ቤት ለመጣች ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከግቢ ብቻዋን መውጣት ግን አይፈቀድላትም ነበር። ወደ ከተማ ለመሄድ ከተፈለገ ሁለት ሁለት ሆኖ ነው።

ትምህርት ቤቱ ዛሬም ድረስ የናይቲንጌል ይባል እንጂ እሷ አላስተማረችበትም። ከጦርነቱ ከተመለሰች በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በሕመም ቤት ውላለች። ተማሪዎቹን በእጇ ይዛ የምታስተዳድረው የሆስፒታሉ ሜትሮን፣ ማለትም የነርሶች የበላይ ኃላፊ፣ ሣራ ዋርድሮፐር ነበረች። ዋርድሮፐር በየወሩ ስለ እያንዳንዷ ተማሪ አንድ ቅጽ ትሞላለች። ቅጹ ሁለት ክፍል አለው። በአንደኛው ጠባይ ይመዘናል፤ ሰዓት አክባሪነት፣ ዝምታ፣ ታማኝነት፣ የግል ንጽሕና። በሁለተኛው ደግሞ የእጅ ሙያ ይመዘናል፤ ቁስል መጠገን፣ አለቅት ማስያዝ፣ ማሰሪያ መጠቅለል፣ ራሱን መርዳት የማይችል ሕመምተኛ ማገላበጥ፣ ለበሽተኛ የሚሆን ምግብ መሥራት፣ ወደ ክፍሉ አየር ማስገባት፣ ሕመምተኛውን አስተውሎ ያዩትን መናገር። ውጤቱ ከ«እጅግ ጥሩ» ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ዛሬ ተማሪዎች በየልምምዱ የሚያስፈርሙት ሎግ ቡክ የዚህ ቅጽ የልጅ ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልዩነቱ የዛሬው ስለ ዝምታ አለመጠየቁ ነው።

ተማሪዎቹ ማስታወሻ ደብተርም እንዲይዙ ይጠበቅባቸው ነበር። በየቀኑ ምን እንደሠሩና ምን እንዳዩ ይጽፋሉ፤ ደብተሩንም ናይቲንጌል ራሷ ታነበዋለች። በማንበቧም አንድ ያልጠበቀችው ነገር ተገለጠላት። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሐኪሙ ለተማሪዎቹ መስጠት የነበረበትን ትምህርት ችላ እንዳለው ተረዳች። ልጆቹ በሥራ ተወጥረዋል፣ ትምህርት ግን የላቸውም። ከዚያ በኋላ አስተማሪው ተለወጠ። ናይቲንጌልም ከ1872 ጀምሮ ለተማሪዎቹ በየጊዜው ረጅም ደብዳቤ መጻፍ ጀመረች። በዓለም ላይ አርአያ የተባለው ትምህርት ቤት እንኳ ገና በአሥራ ሁለት ዓመቱ ይህን አሳይቷል፦ ዋርዱ ተማሪ ከዋለበት መጽሐፉን ያስረሳል።

ከአትላንቲክ ማዶ ያለው ታሪክ የበለጠ ጠንከር ያለ ነው። በ1872 በቦስተን የኒው ኢንግላንድ የሴቶችና የሕፃናት ሆስፒታል አንድ ዓመት የሚፈጅ ሥልጠና ሲጀምር መጀመሪያ የተመዘገበችው ሊንዳ ሪቻርድስ ነበረች። በ1873 የምስክር ወረቀቷን ተቀብላ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ የሠለጠነች ነርስ ተባለች። ሪቻርድስ በስተርጅና ትዝታዋን በመጽሐፍ አሳትማለች፤ መጽሐፉም በ1911 ወጥቷል። እንደምትተርከው ተማሪዎቹ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነስተው እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ከዋርድ አይወጡም። የሚተኙት በዋርዶቹ መካከል ባሉ ትንንሽ ክፍሎች ነው። እያንዳንዷ ስድስት ሕመምተኞችን ቀንም ሌሊትም ትጠብቃለች፤ ሌሊት ተጠርታ ከእንቅልፏ መነሳት የተለመደ ነው። የዕረፍት ጊዜያቸው በሁለት ሳምንት አንዴ የምትሰጥ አንድ ከሰዓት ናት። የማስተማሪያ መጽሐፍ የለም፣ የመግቢያ ፈተና የለም፣ የደንብ ልብስም የለም።

ከትዝታዎቿ ሁሉ ዛሬ ጆሮ የሚያስቀስረው ስለ መድኃኒት የተናገረችው ነው። የመድኃኒት ጠርሙሶቹ ላይ ስም ሳይሆን ቁጥር ብቻ ይጻፍ ነበር። ተማሪዎቹ ምን መድኃኒት እንደሚሰጡ እንዳያውቁ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ያዘዘው ሐኪም ያውቃል፤ የምትሰጠው ተማሪ ግን አታውቅም። በዘመኑ የነርስ ዕውቀት የሐኪሙን ሥልጣን ይነካል የሚል ፍርሃት ነበረ። አንድ ነርስ መድኃኒት ከመስጠቷ በፊት ትክክለኛው ሕመምተኛ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው መንገድ፣ ትክክለኛው ሰዓት መሆኑን እንድታረጋግጥ ዛሬ በመጀመሪያው ዓመት ትማራለች። በ1872 የነበረችው ተማሪ ከአምስቱ ሁለተኛውን ማረጋገጥ አትችልም ነበር። ሪቻርድስ ከዚያ ወደ ኒው ዮርክ ቤልቪዩ ሆስፒታል ሄዳ የሌሊት ኃላፊ ሆነች። በዚያም ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የጽሑፍ መዝገብ መያዝ ጀመረች። ነርሶች በእያንዳንዱ ተራ መጨረሻ በካርድ ላይ የሚጽፉት ማስታወሻ ከዚህ ዓይነቱ ሙከራ የተወለደ ነው።

በዚያው የቦስተን ሆስፒታል በ1879 ሜሪ ኢላይዛ ማሆኒ ተመረቀች። ጥቁር አሜሪካዊት ሆና የነርስነት ምስክር ወረቀት ያገኘች የመጀመሪያዋ ናት። ከመማሯ በፊት በሆስፒታሉ ለ15 ዓመት ያህል በምግብ ማብሰልና በልብስ ማጠብ ሠርታለች። ሥልጠናው 16 ወር ይፈጅ ነበር። አብረዋት ከጀመሩት ከ40 ከሚበልጡ ተማሪዎች እስከ መጨረሻ የዘለቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የቀሩት ሁሉ በስንፍና አልነበረም የቀሩት፤ የሥራው ሰዓትና ድካሙ አድክሞ የሚጥል ነበር።

ተማሪን በቀጥታ ወደ ዋርድ መስደድ ትክክል እንዳልሆነ የገባቸው አስተዳዳሪዎች ከክፍለ ዘመኑ መጨረሻ አካባቢ ሌላ ዘዴ ፈለጉ። በ1893 በስኮትላንድ ግላስጎው ርብቃ ስትሮንግ ተማሪዎች ሕመምተኛ ከመንካታቸው በፊት የሰውነት አሠራርን፣ ንጽሕናንና መሠረታዊ ሙያን የሚማሩበትን የቅድመ ዝግጅት ሥልጠና ጀመረች። በ1895 ለንደን ሆስፒታልም ተመሳሳይ የሥልጠና ቤት ከፈተ። የዚህ የቅድመ ዝግጅት ጊዜ ትዝታ በየአገሩ ያለ ነርስ የሚጋራው ነው። አልጋ ማንጠፍ ሥራ መሆኑን ተማሪው የሚያውቀው እዚህ ነው። አንሶላው መጨማደድ የለበትም፤ ለቀናት የማይነሳ ሕመምተኛ ጀርባ ላይ አንዲት መጨማደድ የአልጋ ቁስል ታመጣለች። ማዕዘኑ ታጥፎ ይገባል። ባዶ አልጋ ማንጠፍ ይቀላል። ሰው የተኛበትን አልጋ ሰውየውን ሳያስነሱ ወደ አንድ ጎን አዙሮ ግማሹን መቀየር፣ ከዚያ ወደ ሌላው ጎን አዙሮ መጨረስ ነው ከባዱ። መርፌም እንዲሁ ነው። ብዙ ተማሪ በሰው ከመውጋቱ በፊት ብርቱካን ወግቷል፤ ልጣጩ ለእጅ የሚሰጠው ስሜት ከቆዳ ጋር ይቀራረባልና።

ከብርቱካን ቀጥሎ የሚመጣው አሻንጉሊት ነው። በ1911 በአሜሪካ የሃርትፎርድ ሆስፒታል ማሠልጠኛ ኃላፊ የሰው ቁመት ያለው አሻንጉሊት እንዲሠራላት በሮድ አይላንድ ፖታኬት ከተማ የምትኖረውን አሻንጉሊት ሠሪ ማርታ ቼዝን ጠየቀች። ቼዝ የሕፃናት መጫወቻ በመሥራት የታወቀች ነበረች። ቁመቱ 163 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ እጅና እግሩ የሚታጠፍ አሻንጉሊት ሠርታ ላከች። ተማሪዎቹ «ሚስስ ቼዝ» አሏት። ታጠበች፣ ተገላበጠች፣ ልብስ ተቀየረላት። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ መርፌ የሚወጋበት ክንድና ፈሳሽ የሚቀበል ማጠራቀሚያ ተጨመረላት። ዛሬ በነርሲንግ ኮሌጆች የማሳያ ክፍል ውስጥ የሚተኙት፣ ደረታቸው የሚነሳና የሚወርድ፣ የልብ ምት የሚያሰሙ ማኔኪኖች ከእሷ በኋላ የመጡ ናቸው። በአሻንጉሊት ላይ የሚማር ተማሪ ያመዋል ብሎ እጁ አይንቀጠቀጥም። ግን የሚያቃስት ሰው ሲያጋጥመው ምን እንደሚል አሻንጉሊቱ አያስተምረውም።

ከዋርድ ውጭ ያለው ሕይወት በነርሶች ማደሪያ ውስጥ ነው የሚካሄደው። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በእንግሊዝም ሆነ በአሜሪካ ተማሪዎች በሆስፒታሉ ግቢ እንዲያድሩ ግዴታ ነበር። በር የሚዘጋበት ሰዓት ነበረ፤ የዘገየ ተማሪ ስሙ ይመዘገባል። ያገባች ሴት በአብዛኛው ተቀባይነት አልነበራትም፤ ተማሪ እያለች ብታገባ ትምህርቷን ታቋርጣለች። የበላይ ነርስ ወደ ክፍሉ ስትገባ ተማሪዎች ይነሳሉ፤ በር ላይም ለአንድ ዓመት የቀደመ ተማሪ ቦታ ይለቀቃል። ይህ ሥርዓት ከወታደር ቤት የተወሰደ ይመስላል፤ ነርስነት ከጦርነት ጋር ተያይዞ ያደገ ሙያ በመሆኑ ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። ማደሪያው ግን ጥብቅ ብቻ አልነበረም። የሌሊት ተራ ወጥቶ ጠዋት ማደሪያ የገባ ተማሪ ያየውን ለጓደኛው ካልነገረ መተኛት አይችልም። ሌሊቱን የሞተ ሕመምተኛ ያጋጠመው ደግሞ ይበልጥ። አስከሬን ማጠብ፣ ዓይን መክደን፣ አገጭ ማሰር፣ ስም የተጻፈበት ወረቀት ማሰር በትምህርት ቤት እንደማንኛውም ሙያ ይሰጣል። ስለ ሞት መናገርን ግን ለረጅም ዘመን ማንም አላስተማረም። ያስተማሩት የክፍል ጓደኞች ናቸው።

የምረቃው ሥርዓትም የራሱ ታሪክ አለው። ተማሪዎች ሻማ ወይም ፋኖስ ይዘው ቃል ኪዳን ይገባሉ። ብዙ ሰው ቃሉን ናይቲንጌል የጻፈችው ይመስለዋል። የጻፉት በ1893 በአሜሪካ ዲትሮይት በሚገኘው የፋራንድ ማሠልጠኛ ሊስትራ ግሬተር የመራችው ኮሚቴ አባላት ናቸው፤ የሐኪሞችን የሂፖክራተስ መሐላ አርአያ አድርገው አዘጋጅተውት በናይቲንጌል ስም ሰየሙት። በኢትዮጵያም የነርሲንግ ምሩቃን ነጭ ጋውን ለብሰው፣ ሻማ አብርተው መሐላ ሲፈጽሙ ይታያሉ።

የኢትዮጵያ የነርስነት ትምህርት ታሪክም ወደ ለንደን ይመልሰናል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በጣሊያን ወረራ ምክንያት ቤተሰባቸው በ1936 ወደ እንግሊዝ ሲሰደድ በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርት ጀመሩ። በ1939 የተመዘገቡ የሕፃናት ነርስ ሆኑ። ከዚያም አጠቃላይ ነርስነትን ለመማር ወደ ጋይስ ሆስፒታል ገቡ። በ1941 አገር ነፃ ሲወጣ ተመለሱ፤ በቀጣዩ ዓመት በ1942 ነቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት አረፉ፤ ገና 22 ዓመታቸው ነበር። ለመታሰቢያቸው እንዲሠራ እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ገንዘብ ያሰባሰበችበት የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በ1951 አዲስ አበባ ውስጥ ተከፈተ፤ የነርሶች ትምህርት ቤትም ነበረው። ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሚባለው ነው።

ከእሱ ጥቂት ቀድሞ በ1949 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆስፒታል፣ ማለትም በዛሬው የካቲት 12 ሆስፒታል፣ የነርሶች ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። ከዚያ በፊት ሆስፒታሎቹ በአብዛኛው የሚሠሩት ድሬሰር በሚባሉ፣ በሥራ ላይ በተማሩ የሕክምና ረዳቶች ነበር። የውጭ አገር ነርሶች ያስተምሩ ስለነበር የተማሪዎቹ ኑሮ የአውሮፓን ሥርዓት ይዞ መጣ። በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ግን ሌላ መንገድ መረጠ። ከጥቂት ጊዜ በፊት በደምቢያ ሜዳ ብዙ ሰው የገደለ የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድ ግቢ አሠለጠነ። ሦስቱ ከተማሪነታቸው ጀምሮ እንደ ቡድን ሆነው ቆላድባ ወደመሳሰሉ ጤና ጣቢያዎች ይላካሉ። እዚያ ዋርዱ መንደር ነው። ተማሪዋ ወላድ ትጎበኛለች፣ ውኃ ምንጭ ታያለች፣ ሕፃናት ታስከትባለች። ሆስፒታል ውስጥ የሚጠብቃት ሜትሮን እዚያ የለችም፤ በምትኩ የቤቱ እመቤት በር ላይ ቆማ «ምን ልታደርጊ መጣሽ?» ትላታለች። ይህን ጥያቄ በትሕትና መመለስ ከአልጋ ማንጠፍ የማይተናነስ ሙያ ነው።

ተማሪው ጉልበት ነው ወይስ ተማሪ ለሚለው ጥያቄ ግልጽ መልስ ከሰጡት አንዱ በ1923 በአሜሪካ የወጣው በጆዜፊን ጎልድማርክ የተዘጋጀው የጥናት ዘገባ ነው። ሆስፒታሎች ትምህርት ቤት የሚከፍቱት ነርስ በርካሽ ለማግኘት መሆኑንና ትምህርቱ መጎዳቱን አሳየ። በዚያው ዓመት ዬል ዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ የነርሲንግ ትምህርት ቤት ከፈተ። አኒ ጉድሪች የመጀመሪያዋ ዲን ሆነች። ለውጡ ግን ዘገምተኛ ነበር። በ1943 አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ነርስ ስትቸገር የካዴት ነርስ ኮር አቋቋመች፤ ትምህርቱ ነፃ፣ የደንብ ልብሱ ግራጫ፣ ሥልጠናውም ከሦስት ዓመት ወደ ሠላሳ ወር ያጠረ። በ1948 እስኪዘጋ ድረስ ከ120 ሺህ በላይ ሴቶች ተመርቀውበታል። የአገሪቱን ሆስፒታሎች በዚያ ክፉ ጊዜ ተሸክመው የቆዩት በብዛት ተማሪዎች ናቸው። በእንግሊዝ ተማሪው በዋርድ ላይ ከሠራተኛ ቁጥር ውጭ እንዲሆን የወሰነው «ፕሮጀክት 2000» የተባለው ዕቅድ የቀረበው በ1986 ነው፤ ቅዱስ ቶማስ ከተከፈተ 126 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

የዛሬው ኢትዮጵያዊ የነርሲንግ ተማሪ በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ወይም የኮሌጅ ተማሪ ነው። ወንዱ ከሴቷ ጋር እኩል ይማራል። ማደሪያው የሆስፒታል ግቢ ሳይሆን ዶርም ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ ሕመምተኛው የሚናገረው ግን አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ ወይም ሲዳምኛ ነው። ተማሪው በምደባ ከቤቱ ርቆ ስለሚላክ የሕመምተኛውን ቋንቋ ጨርሶ የማያውቅ ይኖራል። እንዲህ ሲሆን አስታማሚው ያስተረጉምለታል፤ አስታማሚው ምግብ ያመጣል፣ ሕመምተኛውን ያገላብጣል፣ የክትትሉን ሸክም ይካፈላል። አንድ ሕመምተኛ ዙሪያ የሚቆሙ ተማሪዎች ብዛት ደግሞ ከበፊቱ ጨምሯል። የሕክምና፣ የአዋላጅነት፣ የነርሲንግና የጤና መኮንን ተማሪዎች በአንድ ዋርድ ሲገናኙ ለአንዲት መርፌ ሦስትና አራት እጅ ይዘረጋል፤ ሎግ ቡኩን ለማስፈረም የሚፎካከረው ተማሪ መርፌውን ያገኘበትን ቀን አይረሳም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣ ሁሉ የመውጫ ፈተና መውሰድ አለበት። የነርሲንግ ተማሪ ለዚህ ፈተና ከሌሎች ተማሪዎች ጋር በአንድ ቤተ መጻሕፍት ሲያነብ ይውላል፤ የልምምድ ተራ ከደረሰበት ግን መጽሐፉን ዘግቶ ጋውኑን ይለብሳል። ዋርድ ላይ የተመደቡት ነርሶች በቂ ካልሆኑም ሥራው እንደ ሠራተኛ እንጂ እንደ ተማሪ አይጠብቀውም።